ፍሳሽን በባዮሪአክተር ማጣራት፦ ዝቃጩን ሳያባክኑ

ባዮሪአክተር ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ገንዳ ነው። ከታች አየር ይነፋበታል፤ ውስጡ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ቆሻሻውን እየተመገቡ ይራባሉ፤ አየሩ ሲቆም ተያይዘው ይዘቅጣሉ፤ ከላይ የጠራው ውሃ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1914 አርደርን እና ሎኬት የተባሉ ሁለት ኬሚስቶች በማንችስተር ይህን ዘዴ ሲያስተዋውቁ ቁልፉ የዘቀጠውን ቡናማ ጭቃ አለመድፋት ነበር። ያንኑ ዝቃጭ ለቀጣዩ ፍሳሽ ደጋግመው ሲጠቀሙበት፣ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው ሥራ በሰዓታት ማለቅ ጀመረ። ይህንን አንብቤ አውቀው ነበር፤ ሆኖም ዝቃጬን በገዛ እጄ ደፋሁት። እመለስበታለሁ።

እዚህ የምገልጸው መሙላት፣ አየር መንፋት፣ ማዝቀጥና ማውጣት በአንድ ገንዳ ውስጥ በየተራ የሚካሄዱበትን ዓይነት ነው።

ፍሳሹን ማዘጋጀት

ጨርቅ፣ ፕላስቲክ፣ አሸዋና ቅባት ወደ ገንዳው መግባት የለባቸውም፤ ይህ ማብራሪያ አያሻውም። የፋብሪካ ፍሳሽ ካለ ግን ማመጣጠኛ ገንዳ፣ ማለትም ፍሳሹን አጠራቅሞ በእኩል መጠን የሚለቅ ገንዳ፣ የግድ ነው። ማሽኖች በኮስቲክ ሶዳ የታጠቡበት ውሃ ባንድ ጊዜ ቢለቀቅ የወራት ልፋት በአንድ ሌሊት ይሞታል። ፒኤቹን (የአሲድነቱን መለኪያ) ከ6.5 እስከ 8.5 ባለው ውስጥ ያቆዩት።

ምግቡም ይመጣጠን። ባክቴሪያው ለሚበላው ለእያንዳንዱ 100 እጅ ቆሻሻ (በባዮኬሚካላዊ የኦክስጅን ፍላጎት፣ ማለትም ባክቴሪያው ቆሻሻውን ሲበላ በሚፈጀው ኦክስጅን ሲለካ) 5 እጅ ናይትሮጅንና 1 እጅ ፎስፈረስ ይፈልጋል። የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ ሁለቱም ይተርፉታል፤ ስኳር የበዛበት የፋብሪካ ፍሳሽ ግን ይጎድሉታል። ሁለቱን ማደባለቅ ከተቻለ ከዚያ የተሻለ መፍትሔ የለም። ካልሆነ ዩሪያና ፎስፎሪክ አሲድ ይጨመራል።

እርሾ መጣል

ተመሳሳይ ፍሳሽ ከሚያጣራ ደህና ጣቢያ ዝቃጭ ያምጡ። በፓኬት የሚሸጠውን የባክቴሪያ ዱቄት በበኩሌ አልገዛም፤ ጥሩ ዝቃጭ በተገኘበት ቦታ ዱቄቱ ገንዘብ ማባከን ነው። ዝቃጩ በተዘጋ በርሜል ውስጥ ከዋለ ጠቁሮ ይሸታልና አየር መንፊያውን አስቀድመው ያስነሡ፤ ከዚያ ሳይዘገዩ ይገልብጡት።

ፍሳሹን በሩብ መጠን ይጀምሩና በየሳምንቱ ይጨምሩ። የሟሟው ኦክስጅን በሊትር 2 ሚሊ ግራም አካባቢ ይሁን። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነጭ አረፋ ቢከመር አይደንግጡ፤ ዝቃጩ ገና ለጋ ነው።

የዝቅጠት ፈተና

ውድ መለኪያዎችን ከመግዛትዎ በፊት ባለ 1 ሊትር ግልጽ ሲሊንደር ይግዙ። አየሩ እየተነፋ ሳለ ከገንዳው ይቅዱ፤ ሲሊንደሩን ሞልተው ሳይነቀንቁ 30 ደቂቃ ያቆዩት። ሲቀዱ መደገፊያውን አይልቀቁ፤ አረፋ የበዛበት ውሃ ሰውን አያንሳፍፍም፤ ዋና የሚችልም ይሰምጣል።

ጤነኛ ዝቃጭ መጀመሪያ እንደ ተፈተለ ጥጥ ይያያዛል፤ ከዚያ እንደ መጋረጃ እኩል ይወርዳል፤ ከላይ የቀረው ውሃ የወዲያ ማዶውን ጣት ያሳያል። ከ30 ደቂቃ በኋላ 300 ሚሊ ሊትር ላይ ቢያርፍና በገንዳው ያለው ዝቃጭ በሊትር 2.5 ግራም ቢሆን፣ 300 ለ2.5 ሲካፈል 120 ይሆናል፤ አንድ ግራም ዝቃጭ 120 ሚሊ ሊትር ቦታ ይዟል ማለት ነው። ይህ ቁጥር ከ150 በታች እስከሆነ ድረስ ደህና ነው።

የእኔ ሲሊንደር አንድ ጠዋት 900 ሚሊ ሊትር ላይ ቆመ። «ዝቃጩ በዝቷል» ብዬ ደመደምኩና ሦስት ቀን ሙሉ አስወገድኩ። ባስወገድኩ ቁጥር ባሰበት፤ በአራተኛው ቀን ዝቃጩ ከጠራው ውሃ ጋር አብሮ ይወጣ ጀመር። አንድ አንጋፋ ባለሙያ መጥቶ ያደረገው ነገር አንድ ብቻ ነበር፦ ግማሽ ሊትር ከገንዳው፣ ግማሽ ሊትር ከተጣራው ውሃ ቀላቅሎ እንደገና አዘቀጠ። ዝቃጩ የበዛ ከሆነ ቦታ ሲያገኝ ፈጥኖ ይወርዳል፤ በእጅጉ ዝቅ ብሎ ያርፍ ነበር። የእኔ ግን 700 ላይ ቀረ። በማይክሮስኮፕ ስናየው ክር መሰል ባክቴሪያዎች እንደ ተተበተበ ፀጉር ከየጥርቅሙ ወጥተው ዝቃጩ እንዳይጠጋጋ ይዘውታል። ምክንያቱ እኔው ነበርኩ፤ ወጪ ለመቀነስ ብዬ ዩሪያውን አጉድዬ ነበር። ዩሪያውን መልሼ፣ የሚገባውን ፍሳሽ ቀንሼ፣ ሳምንታት ጠበቅሁ። ክሎሪን የሚጨምሩ አሉ፤ መጠኑን የማያውቅ ሰው ግን ጥሩውንም መጥፎውንም ይገድላል።

አንድ ሌላ አሳሳች ነገር አለ። ዝቃጩ በደንብ ዘቅጦ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ቁራጭ ቁራጭ እየሆነ ወደ ላይ ቢነሣ፣ ሲሊንደሩን በጣትዎ መታ መታ ያድርጉት። አረፋ ለቆ ተመልሶ ከወረደ የናይትሮጅን ጋዝ ነው ያነሣው። የማዝቀጫውን ጊዜ ያሳጥሩ።

ማውጣትና ማስወገድ

የጠራውን ውሃ ከላይ፣ በቀስታ፣ ዝቃጩን ሳይነኩ ያውጡ።

ዝቃጭ በየቀኑ ይጨምራልና ማስወገዱ አይቀርም። ቀላሉ ስሌት ይህ ነው፦ ዝቃጩ በገንዳው ውስጥ በአማካይ 10 ቀን እንዲቆይ ከፈለጉ፣ አየር እየተነፋ ሳለ የገንዳውን አንድ አሥረኛ በየቀኑ ያስወግዱ። ሁለት ቀን ቢረሱ ሦስት አሥረኛውን ባንድ ጊዜ አያውጡ፤ በቀጣዮቹ ቀናት በጥቂት በጥቂቱ ያካክሱት። በዚያው ሳምንት ሲሊንደሩን ጠዋትና ማታ ይሙሉ።