ጽሑፋችሁን ሰው የማያገኘው ለምንድን ነው?

ስለ ጓሮ አትክልት በአማርኛ እጽፋለሁ። ስለ ጎመን፣ ስለ ቆስጣ፣ በጆንያ ውስጥ ስለሚበቅል ቲማቲም። በጦማር ነው የጀመርኩት፤ አሁን የቴሌግራም ቻናልና የፌስቡክ ገጽም አለኝ። ብዙ ሰው በውስጥ መስመር ይጽፍልኛል። «እኔም መጻፍ ጀምሬ ነበር፤ ግን የሚያነብልኝ አጣሁ» ይለኛል።

የላኩልኝን ከፍቼ አያለሁ። አብዛኛው የተለፋበት፣ የሚጠቅም ጽሑፍ ነው። ግን የሚፈልገው ሰው ጋ አልደረሰም። ወይም ደርሶ ለማንበብ አስቸግሯል። ጸሐፊው ይህን ሳያውቅ «አማርኛ አንባቢ የለውም» ብሎ ሲተወው በጣም ያሳዝነኛል። አንባቢ አለ። ከምነግራችሁ ስህተቶች ግማሾቹን እኔም ሠርቻቸዋለሁ።

ጽሑፍን ፎቶ አድርጎ መለጠፍ

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ሰው ሦስት ገጽ ይጽፋል፣ በሚያምር ፊደል ያስውበዋል፣ ከኋላው አበባ ያደርግበታል፣ ከዚያ ፎቶ አድርጎ ይለጥፈዋል። ለዓይን ያምራል። ከሳምንት በኋላ ግን የት እንደገባ አይታወቅም። ቻናላችሁ ውስጥ ገብቶ «ኮምፖስት» ብሎ የሚፈልግ ሰው ፎቶ ላይ የተጻፈውን ቃል አያገኘውም። አንዷን አንቀጽ ብቻ ኮፒ አድርጎ ለእናቱ መላክም አይችልም።

ደግሞ ማየት የተሳናቸው ተከታዮች አሉ። ስልካቸው ጽሑፉን ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል። በፎቶ የመጣውን ግን ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ይህን ያወቅኩት አንድ ተከታዬ ሲጽፍልኝ ነው። «እህቴ፣ ስለ ነጭ ሽንኩርት የጻፍሽውን ሰው ሁሉ አመሰገነሽ። እኔ ግን ምን እንዳልሽ እስካሁን አላወቅኩም» አለኝ። በዚያ ሳምንት ሌላ ሥራ አልሠራሁም፤ በፎቶ የለጠፍኳቸውን ሁሉ እንደገና በጽሑፍ አወጣኋቸው። የተበላውን የጎመን ቅጠል ፎቶ አንሱት። ቃሉን ግን በፊደል ተዉት።

የዚሁ ዘመድ የሆነ ችግር ከቆዩ ፋይሎች ጋር ይመጣል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮችና ስልኮች ሁሉ ለእያንዳንዱ ፊደል የሚጠቀሙበት የጋራ የቁጥር ሥርዓት) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። በዚያ ዘመን የተጻፈ ነገር ካላችሁና እንዳለ ከገለበጣችሁት፣ ሰው ስልክ ላይ የፈረንጅ ፊደልና የምልክት ድብልቅልቅ ሆኖ ይወጣል። መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለበት።

ሰው በሚጠራበት ስም አለመጻፍ

ስለ ሥጋ መጥበሻ ረጅም ጽሑፍ ነበረኝ። ቅርንጫፉን ቆርጦ እንዴት ሥር ማስያዝ እንደሚቻል ደረጃ በደረጃ ያስረዳል። ለወራት የሚያየው ሰው አልነበረም። አንድ ቀን ጎረቤቴ ስለዚሁ ተክል ጉግል ላይ ሲፈልግ አጠገቡ ነበርኩ። የጻፈው «የጥብስ ቅጠል» ብሎ ነው። ልጁ ደግሞ «ሮዝመሪ በለው» አለው። እኔ «ሥጋ» ያልኩት በንጉሡ ሠ ነው፤ ብዙ ሰው የሚጽፈው በእሳቱ ሰ ነው። አንድ ተክል፣ ሦስት ስም፣ በዚያ ላይ የፊደል ልዩነት። እኔ ከእነዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ነበር የተጠቀምኩት።

ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ። ጸሎቱ ጸ እና ፀሐዩ ፀ። አልፋው አ እና ዓይኑ ዐ። ለጆሯችን አንድ ናቸው። ለኮምፒውተር ግን እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቁጥር ያላቸው የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። የፍለጋው ፕሮግራም እነሱን እንዲያዛምድ ካልተሠራ፣ «ሐምሌ» ብላችሁ የጻፋችሁትን «ሀምሌ» ብሎ የፈለገ ሰው አያገኘውም።

ትክክለኛውን አጻጻፍ ጣሉ አልልም፤ እኔም አልጣልኩትም። ርዕሱን በወጉ ጻፉ። ከዚያ የመጀመሪያው አንቀጽ ውስጥ ሌሎቹን ስሞች አስገቡ፦ «ሥጋ መጥበሻ፣ ብዙዎቻችን የጥብስ ቅጠል ወይም ሮዝመሪ የምንለው ተክል…» ብላችሁ። አማርኛን በላቲን ፊደል እየጻፈ የሚፈልግም ሰው ብዙ ነው። ለእሱ የጽሑፉ ሊንክ ላይ ስሙን በላቲን ማድረግ ይጠቅማል። ከግርጌ ሃያ ዓይነት አጻጻፍ መደርደር ግን ይቅርባችሁ። ያስቀይማል፤ ጉግልም ቃል መደርደርን እንደ ማጭበርበር ነው የሚቆጥረው።

ተከታይ መግዛት

አንድ ጊዜ ከፍዬ 3,000 ሰው ቻናሌ ላይ አስገባሁ። የቴሌግራም ፖስት ሥር ስንት ሰው እንዳየው የሚያሳይ የዓይን ምልክት አለ። ያ ቁጥር ከ200 ፈቀቅ አላለም። የገዛኋቸው እውነተኛ ሰዎች አልነበሩም። ዘር የሚሸጥ አንድ ነጋዴ ማስታወቂያ ሊሰጠኝ መጥቶ ሁለቱን ቁጥሮች አስተያይቶ ሄደ። ልቀየመው አልችልም፤ እሱ ልክ ነበር። ቻናሉን ከዚያ ለማጽዳት የፈጀብኝ ጊዜ ሌላ ነው።

«ሰበር!» ማለት

ምንም ያልተሰበረበት ሰበር ዜና፣ «ጉድ ተሰማ»፣ «ይህን ሳያዩ እንዳይተኙ»። ሰው አንዴ ይከፍተዋል። ገብቶ ምንም ሲያጣ እንደተሸወደ ይገባዋል። በሚቀጥለው እውነተኛ ነገር ይዛችሁ ስትመጡ ያልፋችኋል። ዳታ በብር ነው የሚገዛው፤ የሰውን ፓኬጅ በከንቱ አታስጨርሱ።

ሰዓቱንና ዘመኑን ማምታታት

«ነገ 2 ሰዓት ላይ በቀጥታ እንገናኝ» ብዬ ጽፌ ነበር። አዲስ አበባ ያሉት ጠዋት ገቡ። ዋሽንግተን ያሉት ግራ ገባቸው። በማን አቆጣጠር? የጠዋት ወይስ የማታ? በማን አገር ሰዓት? አሁን ሁልጊዜ አሟልቼ እጽፋለሁ። አዲስ አበባ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን በበጋቸው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፤ በክረምታቸው ደግሞ 7 ሰዓት። ሪያድ ከእኛ እኩል ነው። ለሁለቱም ወገን የሚመች ሰዓት ማግኘት ይቻላል፤ ማሰብ ብቻ ይፈልጋል።

ዓመተ ምሕረትም እንደዚሁ። «በ2015» ብቻ ብሎ መተው አንባቢውን ሰባትና ስምንት ዓመት ወዲህና ወዲያ ያንከራትተዋል። ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. በሉ። በእኔ ሥራ ወቅቱም ራሱ ይለያያል። «ሰኔ ላይ ዝናቡን ጠብቃችሁ ትከሉ» የምለው እዚህ ላለው ሰው ነው፤ ስቶክሆልም በረንዳ ላይ ቃሪያ ለምታሳድግ እህት ምንም አይሠራላትም። ስለዚህ ምክሩ ለየትኛው አገር እንደሆነ መጀመሪያው ላይ እናገራለሁ።

የሰው ሥራ ገልብጦ፣ ያልተጣራ ወሬ ጨምሮ መለጠፍ

የሌላ ሰው ጽሑፍ ከወደዳችሁ ሼር አድርጉት፣ ስሙን ጥቀሱ። ስሙን አጥፍቶ እንደራስ ማውጣት ስርቆት ነው፤ የቅጂ መብት አዋጁ 410/1996ም አለ። ዩቲዩብ ላይ በ90 ቀናት ውስጥ ሦስት ጊዜ በቅጂ መብት ጥሰት የተቀጣ ቻናል ሊዘጋ ይችላል።

ተከታይ ሲበዛ ኃላፊነቱም ይከብዳል። ስለ ጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ የወጣው አዋጅ 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨን ሰው ለይቶ ያያል። ቅጣቱ እስከ ሦስት ዓመት እስር ወይም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። እኔ የምጽፈው ስለ ጎመን ነው። ቢሆንም ስለ ተባይ መድኃኒት አንድ መስመር ከመጻፌ በፊት የእርሻ ባለሙያ እጠይቃለሁ። ሰው የሚበላው ነገር ነውና።

ሁሉን ነገር አንድ ቦታ ማስቀመጥ

ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ አገር ውስጥ ተገድበው እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ቪፒኤን (እገዳውን የሚያሳልፍ ፕሮግራም) የሌለው አንባቢ በአንድ ቀን ጠፋብኝ። እኔን ያዳነኝ ጦማሩ ነው፤ እሱ ይከፈት ነበር። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ጽሑፍ መጀመሪያ ጦማሩ ላይ፣ ቅጂውን ደግሞ ኮምፒውተሬ ላይ አስቀምጣለሁ። ፈቃደኛ የሆኑ አንባቢዎችን ኢሜይልም መዝግቤ ይዣለሁ።

ሌላው ስርቆት ነው። «ለልጄ ድምፅ ስጪልኝ» የሚል ሊንክ ከምታውቁት ሰው ይመጣል። ስትነኩት የስልክ ቁጥርና በመልእክት የሚደርስ ኮድ ይጠይቃል። ኮዱን ከሰጣችሁ አካውንቱ ከእጃችሁ ወጣ፤ ቻናሉም አብሮት ሊሄድ ይችላል። ኮዱን ለማንም አትስጡ። ከኮዱ ሌላ የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ዛሬውኑ አብሩት።

ጥያቄን ሳይመልሱ ማለፍ

መጀመሪያ ላይ ኮሜንት አልመልስም ነበር። ጊዜ የሚያባክን ይመስለኝ ነበር። አሁን ጠዋት ቡናዬን ስጠጣ የማደርገው እሱን ነው። ከጻፍኳቸው ሁሉ በብዛት የተነበበው «የጎመኔን ቅጠል ማን ነው የሚበላው?» የሚለው ነው። ርዕሱን እኔ አላወጣሁትም። አንዲት እናት በዚሁ ቃል ጠይቀውኝ ነው። እሳቸው እንደዚያ ካሉ ሌላውም ሰው እንደዚያ ብሎ ነው የሚፈልገው።

ትናንት ማታ ደግሞ ከሐዋሳ አንድ ወጣት ፎቶ ላከልኝ። ቃሪያው አበባ ያወጣና ይረግፍበታል። ውኃ በስንት ቀን እንደሚያጠጣ፣ ተክሉ ቀን ሙሉ ፀሐይ እንደሚመታው፣ ምን ያህል ዩሪያ እንዳደረገበት ጠይቄዋለሁ። መልሱን እየጠበቅኩ ነው። የሚቀጥለው ጽሑፍ ስለዚህ ይሆናል፤ ርዕሱም እሱ በላከው ቃል፦ «ቃሪያዬ አበባ ያወጣና ይረግፋል፤ ምን ላድርግ?»