ንጋት ላይ ወፍ፣ ረፋድ ላይ ነፍሳት፦ አንድ ቀን ጫካ ውስጥ

ወፍ ማየትና ነፍሳትን ፎቶ ማንሳት በአንድ ቀን ይቻላል። በአንድ ሰዓት ግን አይሞከርም። አንዱ ቀና ብሎ ሩቅ ማየት ነው፣ ሌላው ተንበርክኮ ቅጠል ስር መግባት። ሁለቱንም እኩል ልነካካ ያለ ሰው ከሁለቱም ሳይሆን ይመለሳል። ስለዚህ ሰዓቱን ለፀሐይዋ ተዉት።

ጎህ ሲቀድ ቦታው ላይ ሁኑ። ወፎች ሌሊቱን ሳይበሉ ነው የሚያድሩት፣ ሲነጋ ይንጫጫሉ፣ ምግብ ፍለጋም ወዲያ ወዲህ ይላሉ። እየዞራችሁ አትፈልጓቸው፤ ፀሐይዋን ከጀርባችሁ አድርጉና አንድ ቦታ ቁጭ በሉ። መጀመሪያ ዝም ይላሉ፣ ትንሽ ቆይተው ግን እንደሌላችሁ ቆጥረው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

ባይኖኩላር (በሁለት ዓይን ሩቅ ማያ መነጽር) የምትገዙ ከሆነ 8×42 የሚለውን ፈልጉ። 8 ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ ነው፣ 42 ደግሞ የፊተኛው ሌንስ ስፋት በሚሊሜትር። 12 እጥፍ የሚያቀርበው ያጓጓል፤ ግን የእጃችሁን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላዋል። ወፉን ካያችሁት በኋላ ጎንበስ ብላችሁ ባይኖኩላር መፈለግ የለም፤ ዓይናችሁን ከወፉ ሳትነቅሉ መሣሪያውን ወደ ዓይናችሁ አምጡት። መጀመሪያ የመንቁሩን ቅርጽና አካሄዱን ያዙ። ቀለም ጥላ ውስጥ ያታልላል።

ረፋድ ላይ ፊታችሁን ወደ ነፍሳት አዙሩ። ነፍሳት ሙቀታቸውን በአብዛኛው የሚያገኙት ከውጭ ነው፤ ለዚህም ነው ቢራቢሮ ጤዛ እንደያዘች ክንፏን ዘርግታ ፀሐይ ስትሞቅ የምታገኟት። እስክትሞቅ ድረስ ቀርፋፋ ናት፣ ያ የእናንተ ሰዓት ነው። እኩለ ቀን ከሆነ በቃ፣ ስታነጣጥሩ በራ ሄዳለች። የምትፈልጉት አበባ ላይ፣ ቅጠል ስርና የወደቀ ግንድ አካባቢ ነው። ግንድ ወይም ድንጋይ ካነሳችሁ እንደነበረ መልሱት፣ የሰው ቤት ጣሪያ ነው ያነሳችሁት።

ማክሮ ሌንስ (ትንሽ ነገርን ከቅርብ የሚያነሳው) ነፍሳቱን በልካቸው ሲያነሳ፣ ማለትም ካሜራው ውስጥ ያለው ምስል የነፍሳቱን ያህል ሲሆን፣ ኤፍ 8 ላይ (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠብባል፣ ጥርት የሚለውም ውፍረት ይጨምራል) ጥርት ብሎ የሚወጣው ውፍረት 1 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ፎከሱ ዓይኗ ላይ ይረፍ፤ ዓይኗ ከደበዘዘ ሌላው ቢያምርም ፎቶው አይሆንም። ፎከሱን በእጅ ቆልፉና ራሳችሁ በትንሹ ወደፊት ወደኋላ እያላችሁ ደጋግማችሁ ተኩሱ። ኤፍ 11 ጥሩ ነው፣ ከ16 በላይ ስትሄዱ ግን ምስሉ መልሶ ይለሰልሳል። ፍላሽ ካላችሁ ነጭ ወረቀት ጋርዱበት፣ አለበለዚያ ጥንዚዛ ጀርባው እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። በስልክ ለሚያነሳ፣ ካሜራው ላይ የሚቆነጠጥ ትንሽ ማክሮ ሌንስ አለ፤ ለመጀመሪያ ይበቃል።

ስትጠጉ ቀስ በሉ፣ ጥላችሁም አይረፍባቸው። ፌንጣ ላይ የምትሞክሩት አንድ ዘዴ አለ፦ ሌንሱን ስታስጠጉ ሳይዘል የያዘውን እንጨት ዞሮ ከኋላ ይደበቃል። ካሜራውን ሳታንቀሳቅሱ ሌላኛውን እጃችሁን በቀስታ ከኋላው ብታሳዩት ግን ተመልሶ ወደ ሌንሱ ይዞራል። ውሃ ዳር ያለችውን ድራጎንፍላይ ደግሞ (ሆዷ ቀጭንና ረጅም፣ አራት ክንፎቿን ዘርግታ የምታርፈውን) አታባርሯት። ብዙ ጊዜ ወደዚያው እንጨት ጫፍ ትመለሳለች፣ ካሜራውን እዚያው ደግናችሁ ጠብቋት።

እንዲረጋጉ ብሎ ነፍሳትን ፍሪጅ የሚያስገባ ሰው አለ። እኔ ያንን ፎቶ አልቆጥረውም። ጫጩት ያለበት ጎጆም አይጠጉትም፣ ቦታውንም ኢንተርኔት ላይ አይለጥፉትም። ወፍ ለመጥራት ስልክ ላይ ድምፅ ማጫወትም በተለይ በመራቢያ ወቅት ይቅርባችሁ፤ ወፉ ተቀናቃኝ መጣብኝ ብሎ ጉልበቱን በከንቱ ይጨርሳል።

ስማቸውን ለማወቅ ለወፍ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፍ ጥናት ማዕከል ያወጣው መርሊን የሚባል የስልክ መተግበሪያ አለ፤ ድምፅም ይለያል። ለነፍሳት አይናቹራሊስት የሚባለውን መተግበሪያ ተጠቀሙ፤ ከላይም ከጎንም አንሱ፣ ያረፉበትን ተክልም ጨምሩ።

ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ ክተቱ። ቤት ስትገቡ ከጉልበት ጀርባ፣ ብብትና ከጆሮ ኋላ መዥገር ፈትሹ። ተጣብቆ ካገኛችሁ በቀጭን ወረንጦ ቆዳው ድረስ ተጠግታችሁ ያዙትና ሳትጠመዝዙ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። ክብሪት አታስነኩት፣ ቫዝሊንም አትቀቡት።