ነስርን በትክክል ማቆም

አፍንጫ ሲነስር ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ማጋደል ነው። ስህተቱም እዚያው ይጀምራል፤ ደሙ በጉሮሮ ይወርዳል፣ ሆድ ሲገባ ያቅለሸልሻል፣ ያስመልሳል።

ቀጥ ብለው ይቀመጡና ትንሽ ወደ ፊት ጎንበስ ይበሉ። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ከአጥንቱ በታች ያለውን ለስላሳ የአፍንጫ ክፍል ጠበቅ አድርገው ይያዙ፤ ሁለቱም ቀዳዳዎች ይዘጉ። አጥንቱን መጫን ከንቱ ድካም ነው፤ አብዛኛው ነስር የሚመነጨው ሁለቱን ቀዳዳዎች ከሚለየው ግድግዳ የፊተኛ ክፍል ነው። በአፍዎ እየተነፈሱ፣ አፍ የገባውን ደም እየተፉ፣ ሰዓት አይተው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይቆዩ። «ቆመ ይሆን?» እያሉ በየደቂቃው መልቀቅ መርጋት የጀመረውን ደም መልሶ ያፈርሰዋል። ትዕግስት የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው።

ካልቆመ አንድ ጊዜ ይድገሙት። 30 ደቂቃ ካለፈ፣ ደሙ ከበዛ፣ ጭንቅላት ተመትቶ ከሆነ ወይም የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

ከቆመ በኋላ ለ24 ሰዓት አይናፈጡ፣ ቅርፊቱንም አይነካኩ። ማስነጠስ ከመጣ አፍዎን ከፍተው ያስነጥሱ።