ስም ጠፋብኝ ብለው ከሰው አይራቁ

በቅሬያችን፣ ማለትም በዕድራችን፣ ውስጥ ዕድሜያቸው ስልሳን ካለፈ ሰዎች መካከል ከሰው መሸሽ የጀመሩ አሉ። አልታመሙም፣ የተቀየሙትም ሰው የለም። ለቅሶ ቤት ገብተው የአንድ ሰው ስም ይጠፋባቸዋል፤ ያፍራሉ። በሚቀጥለው ጊዜ ድንኳኑ ጥግ ይቀመጣሉ፤ ከዚያ ጭራሽ ይቀሩና ልጃቸውን ይልካሉ። አንዲት የማከብራቸው እናት ለምን እንደጠፉ ብጠይቃቸው፣ «ዓይኔ ሥር ያደገን ልጅ ማን ብዬ ልጥራው? ናቀችኝ አይለኝም?» አሉኝ። ይህን የምጽፈው ለእሳቸውና ለመሰሎቻቸው ነው። ደሴ ውስጥ መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ያረጀሁ ድራጊስት ነኝ፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ የቅሬው ጸሐፊ ሆኜ በየስብሰባው ስም እጠራለሁ። ስለዚህ ስለ ስምም ስለ መድኃኒትም የምለው አለኝ።

በቅድሚያ አብሽሩ። ዕድሜ ሲገፋ ከሌላው ቃል ሁሉ ቀድሞ የሚያስቸግረው የሰው ስም ነው፤ ይህም በጤነኛ ሰው ላይ የሚደርስ ነው። አንድ ሰው ልብስ ሰፊ መሆኑን ካወቁ የስፌት መኪናው፣ ሜትሩ፣ ሸዋ በር ያለው ሱቁ፣ ለበዓል ያሰፉት ልብስ ሁሉ አብረው ይመጣሉ። ስሙ ሰይድ መሆኑ ግን ከሥራውም፣ ከመልኩም፣ ከጠባዩም ጋር አይያያዝም። ወደ ሙያው የሚወስደው መንገድ ብዙ ነው፤ ወደ ስሙ የሚወስደው ግን አንድ ቀጭን የእግር መንገድ ብቻ ነው፤ ካልተሄደበት ሣር ይበቅልበታል። ለዚህ ነው በየቀኑ የምንጠራው የልጃችን ስም ሳይጠፋ፣ ሁለት ዓመት ያላገኘነው ጎረቤት ስም የሚጠፋው። የሰውየውን አባት፣ መንደሩን፣ የሠርጉን ድግስ ሳይቀር እያስታወሱ ስሙ ብቻ እምቢ ካለዎ፣ ሰውየው ከአእምሮዎ አልጠፋም፤ የጠፋው የስሙ ድምፅ ነው።

እኛ ወሎዎች ደግሞ ሌላም ችግር አለብን። ሰይድ ብዙ ነው፤ ይመርም፣ መሐመድም፣ አሊም እንደዚያው። በአንድ ቤት ውስጥ የአባት ስም አህመድ፣ የልጅ ስም ተስፋዬ ሆኖ ይገኛል። የሚቀራረቡ ስሞች እርስ በርስ ይጋረዳሉ፤ እንድሪስን ሲፈልጉ ኢብራሂም ቀድሞ ይመጣና አልሄድም ይላል። እኔ መዝገብ ላይ ስምን ብቻውን አልጽፍም፤ «ሰይድ ይመር፣ የኩታበሩ፣ ቆርቆሮ ሻጭ» ብዬ ነው የምጽፈው። ስልክዎ ላይም እንዲሁ ያስመዝግቡ። «ሰይድ 1፣ ሰይድ 2» ተብሎ የተያዘ ስልክ ሲቸገሩ አይደርስልዎትም።

ስሙ አፍ ላይ ደርሶ ሲቀር

ከራስዎ ጋር ብዙ አይታገሉ። በካናዳ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ በ2008 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት፣ አንድ ቃል አፋቸው ላይ ደርሶ የቀረባቸው ሰዎች ከፊሎቹ ለ10 ሰከንድ፣ ከፊሎቹ ለ30 ሰከንድ እንዲታገሉ ተደርጎ ከዚያ መልሱ ተነገራቸው። ከሁለት ቀን በኋላ ሲጠየቁ፣ በዚያው ቃል ላይ እንደገና የመሰናከሉ ነገር ረጅም ጊዜ በታገሉበት ላይ በዛ። ያቃተንን ነገር ደጋግመን ስንሞክር ማቃቱን ራሱን እንለማመደዋለን ማለት ነው።

ስለዚህ ለትንሽ ጊዜ ብቻ ይሞክሩ፤ ሲሞክሩም በዘዴ ይሁን። የስም መነሻ ድምፅ ከተገኘ ቀሪው ብዙ ጊዜ ተከትሎ ይመጣል። ሰላምታው እየተለዋወጠ በልብዎ ፊደሉን ይዝለቁት፤ ሀ፣ ለ፣ መ፣ ረ፣ ሰ እያሉ። ሀሌታው ሀ ነው ሐመሩ ሐ ብለው አይጨነቁ፤ የሚፈለገው ድምፁ ነው። ቁርኣን ቤት የተማሩ ሰዎች በአሊፍ፣ ባ፣ ታ ቢሄዱም ያው ነው። የእኛ ሰላምታ ረጅም መሆኑ እዚህ ላይ በጅቶናል፤ ልጆች፣ ከብቱ፣ ዝናቡ፣ ሰፈሩ እስኪጠየቅ ፊደሉ ግማሽ ይደርሳል።

ካልመጣ ይጠይቁ። ሲጠይቁ ግን «ማን ነበርክ?» አይበሉ፤ ያ ሰውን ያስከፋል። የሚያውቁትን ያስቀድሙ፦ «አውቅዎታለሁ፤ የኩታበሩ፣ ቆርቆሮ የሚሸጡት፣ አምና ልጅዎን የዳሩት። ስምዎን ብቻ አፌ እምቢ አለኝ፤ እስቲ ይንገሩኝ።» እንዲህ የተጠየቀ ሰው ሲከፋ አላየሁም፤ ስለ እሱ ያን ሁሉ ማስታወስዎን ሰምቷላ። ስሙን ሲነግርዎት እዚያው ድምፅ አውጥተው ይድገሙት፦ «አያ እንድሪስ! አዎ፣ እንድሪስ አህመድ።» ከመለያየትዎ በፊት አንዴ፣ ቤት ገብተው ለባለቤትዎ ሲያወሩ ደግሞ አንዴ ይጥሩት። ስሙን በልብ ማሰብ ብቻ በቂ አይደለም፤ የደከመው ከአፍ ማውጣቱ ስለሆነ የሚጠገነውም ከአፍ በማውጣት ነው።

ወደ ሠርግ ወይም ወደ ተዝካር ከመሄድዎ በፊት ደግሞ ማን ማን እንደሚመጣ ቤትዎ ቁጭ ብለው ስማቸውን ጮክ ብለው ይጥሩ። እኔ ከስብሰባ በፊት ማታ የቅሬውን መዝገብ ከላይ እስከ ታች አነበዋለሁ። ጠዋት ስሞቹ አይቸግሩኝም።

አዲስ ስም ለመያዝ የቡናው ሦስት ዙር

በ1978 እ.ኤ.አ. ቶማስ ላንዳወርና ሮበርት ብዮርክ የሚባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሰዎች ስም እንዲይዙ አድርገው አንድ ነገር አሳይተዋል። ስምን ወዲያው ወዲያው ከመደጋገም ይልቅ ትንሽ ቆይቶ፣ ቀጥሎ ረዘም ላለ ጊዜ ቆይቶ፣ ቀጥሎ ይበልጥ ቆይቶ ለማስታወስ መሞከር የተሻለ ያቆያል። ይህን ሳነብ የታሰበኝ ቡናችን ነው፤ እንግዳ መጥቶ አቦል ጠጥቶ አይሄድም።

እንዲህ ያድርጉት። አዲሷ ሙሽራ፣ አዲሱ ተከራይ ወይም የጎረቤት አማች ቡና ላይ ሲተዋወቅዎት ስሙን በደንብ ይስሙ፤ ካልሰሙ ያስደግሙ። አባቱንና አገሩን ይጠይቁ፤ ከመርሳ ነው፣ ከወረባቦ ነው፣ የማን ዘመድ ነው። አቦል ሲቀዳ በስሙ ጠርተው ያነጋግሩት። ቶና ላይ ማንም ሳይነግርዎት ስሙን ራስዎ ያምጡ። በረካ ላይ፣ ምርቃቱ ወይም ዱዓው ሲደርስ፣ በስሙ ይመርቁት። ማታ ከመተኛትዎ በፊት አንዴ፣ በነጋታው አንዴ፣ በሳምንቱ አንዴ ያስታውሱት። ቶና ላይ ካልመጣልዎ ጠይቀው ይቀጥሉ። የመንዙማ ተማሪም ሆነ የዋድላ የቅኔ ተማሪ ቃሉን የሚይዘው ድምፅ አውጥቶ፣ እያቋረጠና እየተመለሰ ነው፤ ወሎ ለዚህ እንግዳ አገር አይደለችም።

ስለ ቁልፍ፣ ስለ መነጽርና ስለ ዱላ ብዙ አልልም። አንድ ቦታ ይስጧቸው፤ ሌላ ቦታ አያስቀምጡ። ጓዳ ገብተው ለምን እንደገቡ ከጠፋዎት ወደተነሱበት ይመለሱ፤ ብዙ ጊዜ እዚያው ይታወስዎታል። ሲነሱ ደግሞ «ጨው ላመጣ ነው» ብለው ተናግረው ይነሱ።

ኪኒንዎን ይዩ

ይህን ክፍል እንዳያልፉት አደራ። መርሳት ባሰብኝ የሚል ሰው ባንኮኒው ፊት ሲቆም በመጀመሪያ የምጠይቀው የሚወስደውን መድኃኒት ነበር። ለጉንፋንና ለማሳከክ የሚሰጡት ክሎርፌኒራሚንና ዳይፌንሃይድራሚን፣ ለድብርትና ለነርቭ ሕመም የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን፣ ለጭንቀትና ለእንቅልፍ የሚወሰደው ዳያዚፓም በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ አእምሮን ያደበዝዛሉ። ጉንፋኑ ካለፈ በኋላ «ያስተኛኛል» ብለው ኪኒኑን ማታ ማታ የሚቀጥሉ ብዙ ናቸው፤ ይህ ልማድ ቢቀር ደስ ይለኛል። ሐኪም ያዘዘልዎትን ግን በራስዎ እንዳያቋርጡ፤ በተለይ ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ዳያዚፓም በአንድ ጊዜ ሲቆም አደጋ አለው። ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ጠቅልለው ይውሰዱና ለሐኪሙ ያሳዩ፤ ከጎረቤት የተሰጠዎትም ካለ አብረው ይጨምሩ።

የስኳር ሕመምተኛ ሆነው ሜትፎርሚን ለዓመታት ከወሰዱ፣ ወይም ለጨጓራ ኦሜፕራዞልን ሳያቋርጡ ከቆዩ፣ የቫይታሚን ቢ12 መጠንዎ ሊወርድ ይችላል። ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት ስለሆነ ጾም የሚያበዙ አረጋውያንም ይመለከታቸዋል። እጥረቱ መርሳትን፣ ድካምንና የእግር መደንዘዝን ያመጣል፤ በደም ምርመራ ይታወቃል፤ በጊዜ ከተደረሰበትም ይታከማል። የእንቅርት ሆርሞን ማነስም እንዲሁ ነው፤ ሰውነት ይቀዘቅዛል፣ ሆድ ይደርቃል፣ ሐሳብ ይዘገያል።

ኪኒን ወስጄ ይሆን አልወሰድኩም ይሆን ለሚለው ጭንቀት፣ ግድግዳ ላይ ያለው የቀን መቁጠሪያ ይበቃል፤ እንደዋጡ ቀኑ ላይ ምልክት ያድርጉ። ምልክት ማድረግዎን ከረሱና እርግጠኛ ካልሆኑ አይድገሙት፤ በተለይ እንደ ግሊቤንክላሚድ ያለ የስኳር መድኃኒት ሁለት ጊዜ ከተዋጠ ስኳርን አውርዶ ራስ ያስታል።

ጆሮዎንም ያስመርምሩ። በደንብ ያልተሰማ ስም አይታወስም፤ አንዳንዴ ችግሩ የጆሮ ኩክ ብቻ ሆኖ ይገኛል። ግፊትዎን ይለኩ። ከሰዓት በኋላ የተቃመ ጫትና የማታ ቡና እንቅልፍ ይነሳሉ፤ ቀን የተያዘው ነገር በአእምሮ የሚረጋው ደግሞ በእንቅልፍ ነው። የደሴ ዳገት ለጉልበት ቢከብድም ለአእምሮ ደግ ነው፤ አቅምዎ በፈቀደ ይራመዱ።

ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ በመርሳት በሽታ የመያዝን ዕድል ከሚጨምሩና ልንቀንሳቸው ከምንችላቸው 14 ነገሮች መካከል የመስማት ችግርን፣ የደም ግፊትንና ስኳርን ዘርዝሯል። ከሰው ተነጥሎ መኖርም አንዱ ነው። ስም እንዳይጠፋብኝ ብለው ከቅሬ የሚቀሩ ሰዎች ለአእምሯቸው የሚበጀውን ነገር በእጃቸው እየጣሉ ነው። ጽሑፉን እንድጽፍ ያስገደደኝም ይኸው ነው።

ሐኪም ዘንድ የሚያስኬደው

የጎረቤትን ስም መርሳት አንድ ነገር ነው፤ ጎረቤቱን ራሱን አለማወቅ ሌላ ነው። ከፒያሳ ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ ከጠፋ፣ አንድ ጥያቄ በአንድ ቁጭታ ደጋግሞ ከተጠየቀ፣ ዕድሜ ልክ የፈላ ቡና ቅደም ተከተሉ ከተዛባ፣ የገንዘብ ቆጠራ ካስቸገረ፣ ወይም ጠባይ ከተለወጠ ሐኪም ማየት አለበት። «እርጅና ነው» ብሎ መተው አይገባም። ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር በ1906 እ.ኤ.አ. የገለጻት ታማሚ ሕክምና ቤት ስትገባ ገና የ51 ዓመት ሴት ነበረች፤ በሽታ እንጂ የዕድሜ ዕዳ አይደለም። ጠበሉም ዱዓውም ይቀጥል፤ ከምርመራ ጋር አይጣሉም።

መደናገሩ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ከመጣ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም። የሳንባ ምች፣ የሽንት ኢንፌክሽን፣ የሰውነት ውሃ ማነስ ወይም የስኳር መውረድ ሊሆን ይችላል። ፊት ከተጣመመ፣ አንደበት ከተሳሰረ ወይም አንድ እጅ ከዛለ እዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ለወጣቶቹ

ከአዲስ አበባ ወይም ከዐረብ አገር ስትመጡ አንድ ልማድ አላችሁ። ሽማግሌው ፊት ትቆሙና «አወቁኝ? እስቲ ማን ነኝ?» ትላላችሁ። በፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። እሳቸው ግን ሰው በተሰበሰበበት ፈተና ላይ ይቀመጣሉ፤ ደግሞ ስትሄዱ ልጅ የነበረው ፊታችሁ ተለውጧል። ጉልበት ስትስሙ ስማችሁን አብራችሁ ተናገሩ፦ «እማማ፣ ዘይነባ ነኝ፣ የአሊ ይመር ልጅ፣ የገራዶው።» ያኔ ደስታቸው ሳይቋረጥ ወደ ጨዋታው ይገባሉ።

በቅሬያችን ስብሰባ ላይ የሚናገር ሰው ሁሉ፣ ሊቀመንበሩም ጭምር፣ መጀመሪያ ስሙንና የአባቱን ስም ይናገራል። ለቅሶ ቤትም ሲገባ እንዲሁ ነው፤ ለሽማግሌ ብቻ ተብሎ ስላልተደነገገ ማንም አያፍርበትም። ጥግ ይዘው የነበሩት አንዳንዶቹ አሁን ወደ መሐል ተመልሰዋል። በሌላ ሰፈር ያላችሁ ጸሐፊዎች በሚቀጥለው ወር ስብሰባ አጀንዳ አስይዙት፤ መዋጮ አይጠይቅም።