ፈተና ከማውጣቴ በፊት ስህተት እለቅማለሁ

በመጀመሪያ ዓመቴ ያወጣሁት የሰባተኛ ክፍል የሳይንስ ፈተና 40 ምርጫ ነበረው። ጨርሼ ሳነበው በራሴ ኮራሁ። ወረቀቱን ሳርም ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ከክፍል የቀረ አንድ ልጅ 19 አገኘ። ከላይ እስከ ታች ያከበበው «ሲ»ን ብቻ ነው። የመልስ ቁልፌን ገልጬ ብቆጥር ከ40ው 19ኙ ሲ ናቸው! ልጁን ልቆጣው አስቤ ተውኩት። ሳይንሱን ባያውቅም እኔን አውቆኛል።

አሁን ማስተማር ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ። የማስተምረው አዲስ አበባ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ 58 ተማሪ አለኝ፤ በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ። «ቤተ ሙከራ» የሚል ጽሑፍ ያለበት በር አለን፤ ውስጡ የተከማቸው የተሰበረ ወንበር ነው። የምጽፈው እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ሰባተኛና ስምንተኛን ለሚያስተምር ሰው ነው።

አብዛኞቻችን ፈተና ልናወጣ ስንቀመጥ መጀመሪያ የምንገልጠው መጽሐፉን ነው። ጥሩ ዓረፍተ ነገር እንመርጥና አንድ ቃል ነቅለን «ባዶ ቦታውን ሙላ» እንላለን። ደብተሩን የሸመደደ ይሞላዋል፣ ያልሸመደደ ይተወዋል። እኔ ከመጽሐፉ በፊት የምፈልገው ልጆቹ የሚሳሳቱበትን መንገድ ነው። ለፈተናው አንድ ሳምንት ሲቀረው ግማሽ ግማሽ ወረቀት አስቀድጄ አንድ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ማርክ የለውም፣ ስም አይጻፍበትም፣ በፈለጉት ቋንቋ መመለስ ይችላሉ።

አምና የጻፍኩት «ከፍሪጅ የወጣ የለስላሳ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ትንሽ ሲቆይ ውጪው ይረጥባል፤ ውሃው ከየት መጣ?» የሚል ነበር። ማታ ቤቴ ምንጣፍ ላይ ወረቀቶቹን ዘርግቼ በየክምሩ ለየኋቸው። ትልቁ ክምር «ከውስጥ አልፎ ወጣ» ይላል። ሁለተኛው «ቅዝቃዜው ወደ ውሃ ተለወጠ»። ሦስተኛው «በረዶው ቀልጦ ነው»፤ ጠርሙሱ ላይ ቅንጣት በረዶ ሳይኖር። አየር ውስጥ ያለው የማይታይ የውሃ ትነት ቀዝቃዛውን ጠርሙስ ሲነካ ወደ ውሃነት ተመለሰ ያሉት 11 ብቻ ናቸው። ምርጫዬ እዚያው ምንጣፉ ላይ ተሠራ፤ ሦስቱ ክምር ሦስት ማሳሳቻ፣ አራተኛው መልስ። ከራሴ ብፈጥር ኖሮ አንዱ «ከፀሐይ» የሚል ይሆን ነበር። ማንም የማይነካው አማራጭ ደግሞ አራት ምርጫውን ሦስት ከማድረግ በቀር ጥቅም የለውም።

ልጁ በግምት እንዳያመልጠኝ ከሥሩ ሌላ ጥያቄ አስከትላለሁ፤ «መልስህ ትክክል መሆኑን ለማየት የቱን ታደርጋለህ?» ከአማራጮቹ አንዱ ጠርሙሱ ውስጥ ቀይ ቀለም ያለው ውሃ ሞልቶ፣ አቀዝቅዞ፣ ውጪ የሚታየው ጠብታ ቀይ መሆን አለመሆኑን ማየት ነው። ማርክ የምሰጠው ሁለቱንም ላገኘ ብቻ ነው። ይህን መልስና ምክንያትን አጣምሮ የመጠየቅ ዘዴ አውስትራሊያዊው ዴቪድ ትሬገስት በ1988 እ.ኤ.አ. በደንብ ጽፎበታል። ማርኩ መጀመሪያ ላይ ይወርዳል። ወላጅ ሊመጣ ይችላል፤ ወረቀቱን አሳዩት።

ሌላው ነገር፣ የመጽሐፉን ቁጥር ሰፈራችን ድረስ አምጡት። «ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?» ካላችሁ 100 ብሎ ጽፎ ማርኩን ይወስዳል። ቱሉ ዲምቱ ግን ክፍት ድስት ውስጥ 100 ዲግሪ የደረሰ ውሃ የለም። 100 የባሕር ወለል ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው፤ ውሃችን 92 ወይም 93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ እንጦጦ ጫፍ ላይ ደግሞ ወደ 90 ይወርዳል። ስለዚህ የምጠይቀው እንዲህ ነው፤ «አንዲት ሴት ጅቡቲ ወደብ ላይ፣ እህቷ ቱሉ ዲምቱ፣ ሁለቱም በክፍት ድስት ባቄላ ይቀቅላሉ። ከፈላ በኋላ የማን ባቄላ ቀድሞ ይበስላል? ለምን?»

ብዙው ልጅ «የኛ! ውሃችን በትንሽ ሙቀት ስለሚፈላ» ይላል። መፍላትንና መብሰልን አንድ አድርጎት ነው። ባቄላውን የሚያበስለው መንተክተኩ ሳይሆን የውሃው ሙቀት ነው፤ የኛ ውሃ በ93 ይንተከተካል እንጂ ከዚያ አያልፍም። አምና አንዲት ልጅ ፈተናውን ስታስረክበኝ «ቲቸር፣ እናቴ ፕሬሸር ኩከር የገዛችው ለዚህ ነው?» አለችኝ። አዎ፣ ለዚህ ነው። ወረቀቷን ሳላርም ማርኳን አወቅኩት።

ወደ ቋንቋው ልምጣ፣ ምክንያቱም ብዙ ልጅ የሚወድቅብን እዚህ ነው። ስድስተኛ ክፍል በአማርኛ የተፈተነ ልጅ፣ መስከረም ላይ ሰባተኛ ሲገባ ሳይንሱን በእንግሊዝኛ ያገኘዋል። የወደቀው ሳይንሱን ነው ወይስ ዓረፍተ ነገሩን? የማውቅበት መንገድ ቀላል ነው። አንድን ጥያቄ ከሳቱት አምስት ልጆች መርጬ በእረፍት ሰዓት ያንኑ ጥያቄ በአማርኛ፣ በቃል እጠይቃቸዋለሁ። ሦስቱ ከመለሱ ችግሩ ከእኔ ዓረፍተ ነገር ነውና ጥያቄውን እንደገና እጽፈዋለሁ። «ከሚከተሉት ውስጥ ያልሆነው የቱ ነው» የሚለውን ጥያቄ ከነጭራሹ ትቼዋለሁ፤ «ያልሆነው» የምትለዋን ቃል ዘሎ የሚያነብ ልጅ ሳይንሱን እያወቀ ይወድቃል።

አማርኛውም የራሱ ወጥመድ አለው። ገበያ ላይ «ክብደቱ 25 ኪሎ» እንላለን፤ መጽሐፉ ግን 25 ኪሎው መጠነ ቁስ (የቁሱ ብዛት) ነው፣ ክብደት (ምድር ዕቃውን የምትስብበት ኃይል) በኒውተን ነው ይላል። «ልዩነታቸውን አብራራ» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሸምድዶታል። 25 ኪሎ ጤፍ ጨረቃ ላይ ቢወሰድ ምኑ ይለወጣል፣ ምኑ አይለወጥም በሉት። እዚህ 245 ኒውተን ገደማ የነበረው ክብደት እዚያ ወደ 40 ይወርዳል፤ ጤፉ ግን ያው ጤፍ ነው፣ የሚወጣው እንጀራም ቁጥሩ አይቀንስም። እንጀራውን ያነሳ ልጅ ገብቶታል።

ስለ ቅርጹ ብዙ አልልም። የስምንተኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና ምርጫ ስለሆነ ምርጫን መተው አይቻልም። የመልሱን ፊደል የምመርጠው በዛሂራ ነው፤ አንድ ሲወጣ ኤ፣ ሁለት ሲወጣ ቢ እያልኩ፣ አምስትና ስድስት ሲወጣ ደግሜ እወረውራለሁ። ትክክለኛው መልስ ከሌሎቹ ረዝሞ እንዳይታይ አየዋለሁ፤ ሳናውቀው መልሱን እናስረዝማለን። በ40 ደቂቃ ከ20 ጥያቄ በላይ አላወጣም።

ቤተ ሙከራ ባይኖርም የተግባር ፈተና ይቻላል። የኔ መሣሪያ እርድ ነው። ሁለት የሻይ ማንኪያ እርድ ከፋርማሲ በሚገዛ ግማሽ ስኒ አልኮል በጥብጡ፣ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉ፣ ነጭ ወረቀት ነክራችሁ አድርቁ። አልኮሉ እሳት ስለሚይዝ ከምድጃ ራቁ። (አንድ ባልደረባዬ ፋርማሲው ሲዘጋበት በአረቄ ሠራው። ወረቀቱ ሠርቷል፤ ቢሮ ተጠርቶ ግን ብዙ አስረድቷል።) ወረቀቱ ቢጫ ነው፤ የአመድ ውሃ ወይም የኦሞ ውሃ ሲነካው ይቀላል፣ ቤዝ (የአሲድ ተቃራኒ) ስለሆኑ።

አራት ስኒ አቀርባለሁ፤ ኦሞ፣ የተጣራ የአመድ ውሃ፣ ሎሚ፣ ጨው። ስማቸው አይጻፍም፣ ቁጥር ብቻ። ልጆቹ አምስት አምስት ሆነው ይነክራሉ፤ መልሱን ግን እያንዳንዱ በየራሱ ወረቀት ይጽፋል፣ አለዚያ በየቡድኑ አንድ ጎበዝ አራት ሰው ተሸክሞ ያልፋል። የትኛው ቀላ የሚለው ጥያቄ ለሁሉም የሚሰጥ ማርክ ነው። ዋናው ጥያቄ ቀጥሎ ይመጣል፤ «3ኛውና 4ኛው ቢጫ ሆነው ቀሩ። ሁለቱም አሲድ ናቸው ማለት ይቻላል?» አይቻልም። እርድ ቤዝን እንጂ አሲድን ከገለልተኛ አይለይም፤ ሎሚውም ጨው ውሃውም ቢጫ ያደርጉታል። «ታዲያ በዚሁ ወረቀት እንዴት ትለያላችሁ?» ስል ካቻምና አንድ ዝምተኛ ልጅ መጀመሪያ ወረቀቱን በአመድ ውሃ አቀላው፣ ከዚያ ሁለቱን አንጠባጠበበት። ሎሚው ቢጫውን መለሰው፣ ጨው ውሃው እንደቀላ ተወው። ያን ዓመት ለዚያ ጥያቄ ሙሉ ማርክ ያገኘው እሱ ብቻ ነበር።

የፈተናው ቀን ኩረጃ አለ፣ አልክድም። በአንድ ዴስክ ሦስት ልጅ አስቀምጦ ተቆጪ መሆን ድካም ነው። የጥያቄዎቹን ቅደም ተከተል ቀይሬ ሦስት ኮድ አባዛለሁ። አጤሬራን ደግሞ ራሴ ፈቀድኩት፤ ማንም በእጁ የጻፈውን ግማሽ ገጽ ይዞ መግባት ይችላል፣ ፎቶ ኮፒ ግን አይቻልም። ማታ ግማሽ ገጽ ላይ ምን ልጻፍ ብሎ የሚጨነቅ ልጅ ሳያውቀው አጥንቷል። የባቄላው ጥያቄ መልስ እንደሆነ አጤሬራ ላይ አይገኝም።

ከእርማት በኋላ የሚቀረውን ሥራ ግን አደራ፣ አትዝለሉት። ወረቀቶቹን ከከፍተኛው ወደ ዝቅተኛው ደርድሩ። ከላይ 27 በመቶውን፣ ከታች 27 በመቶውን ለዩ፤ ከ58 ተማሪ 16 እና 16 ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከላይኞቹ ስንቱ፣ ከታችኞቹ ስንቱ እንደመለሱ ቁጠሩ። ከላይ 13፣ ከታች 5 ከሆነ ልዩነቱ 8 ሲካፈል ለ16፣ 0.5 ይሆናል፤ ግሩም ጥያቄ ነው። ከ0.2 በታች የሆነውን አስተካክሉ። ውጤቱ ከዜሮ በታች ከወረደ ልጆቹን ከመጠርጠራችሁ በፊት የመልስ ቁልፋችሁን ተመልከቱ።

እኔ ላይ ደርሷል። «ተክል ሰውነቱን የሚገነባበትን ቁስ ከየት ያገኛል?» ብዬ ነበር። ከላይኞቹ 6፣ ከታችኞቹ 10 መለሱ። ቁልፌ «ከፀሐይ ብርሃን» ይላል፤ ጎበዞቹ የመረጡት «ከካርቦን ዳይኦክሳይድና ከውሃ» ነው። ትክክል እነሱ ናቸው፤ ፀሐይ የምትሰጠው ጉልበት ነው እንጂ ቁስ አይደለም። በማግስቱ ክፍል ገብቼ ተሳስቻለሁ ብዬ ማርካቸውን መለስኩ። ክፍሉ አጨበጨበልኝ፤ ለምን እንዳጨበጨቡ እስካሁን አልገባኝም።

አሁን ያን ጥያቄ በታሪክ ነው የማወጣው። ቫን ሄልሞንት የተባለ ፍላማዊ አንዲት የአኻያ ችግኝ በተመዘነ አፈር ተክሎ አምስት ዓመት ውሃ ብቻ አጠጣት። ዛፏ ወደ 77 ኪሎ ስትደርስ አፈሩ የቀነሰው 60 ግራም ገደማ ነው። ሙከራው በ1648 እ.ኤ.አ. ታተመ። እሱም «ዛፉ የተሠራው ከውሃ ብቻ ነው» አለ። ልጆቹን የምጠይቀው ምን እንደረሳ ነው። መልሱ አየር ነው፤ የሚያስቀው ደግሞ «ጋዝ» የሚለውን ቃል ለዓለም ያወጣው ይኸው ሰውዬ መሆኑ ነው። ከአጥራችን ማዶ የቆመውን ባሕር ዛፍ እያሳየሁ ሳነበው ከኋላ አንድ ልጅ ሁልጊዜ «ታዲያ ከሥሩ ለምን ጉድጓድ አይኖርም!» ይላል።

ወረቀቱን ስመልስ እያንዳንዱ ከሳተው ጥያቄ አጠገብ «ምን መስሎኝ ነበር» ብሎ አንድ መስመር ይጽፍልኛል። መስመሮቹን ቀድጄ ፓስታ የመጣበት ካርቶን ውስጥ አጠራቅማለሁ። ዘንድሮ እስካሁን የገባው ውስጥ «ጥላ የሚጠቁረው ፀሐይ ስላቃጠለችው ነው» የሚል አለ። የብርሃን ምዕራፍ ስንደርስ፣ ማሳሳቻ ቢ እሱ ነው።