ሁለት ኩነቶች ነጻ መሆናቸውን ስትፈትሹ መልሱ እምቢ ካለ

ፈተናው አጭር ነው። ሁለቱን ኩነቶች (ሊከሰቱ የሚችሉ ነገሮች) «ሀ» እና «ለ» እንበላቸው፤ ነጻ ናቸው የሚባለው የአንዱ መከሰት የሌላውን ዕድል ካልቀየረ ነው። የ«ሀ»ን ዕድል በ«ለ» ዕድል አባዙ። ውጤቱ ሁለቱ አብረው ከሚከሰቱበት ዕድል ጋር እኩል ከሆነ ነጻ ናቸው፣ ካልሆነ አይደሉም። ማባዛቱ ማንንም አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው ሦስቱን ቁጥሮች በትክክል ማግኘቱ ነው።

ምልክት፦ «አብረው ሊከሰቱ ስለማይችሉ ነጻ ናቸው» ብላችሁ ኤክስ አገኛችሁ።

ይሄ በጣም የተለመደ ነው። አንድ ዳይስ ስትወረውሩ ተጋማሽ ቁጥር ከመጣ ኢ-ተጋማሹ ቀረ ማለት ነው፣ ከዚህ የባሰ ጥገኝነት የት አለ? አብረው የሚመጡበት ዕድል 0 ነው፣ ብዜቱ ግን 1/4። መፍትሄው፦ የማይገናኙ ኩነቶች ካጋጠሟችሁና የሁለቱም ዕድል ከ0 በላይ ከሆነ ጥገኛ ናቸው ብላችሁ እለፉ።

ምልክት፦ ከሰንጠረዥ ስትሠሩ ቁጥሮቹ አልገጥም አሉ።

አካፋዩን እዩት። ከ200 ሰዎች 80ው መነጽር ያደርጋሉ፣ 50ው ግራኝ ናቸው፣ 20ው ሁለቱንም ናቸው እንበል። 20ን ለ80 ካካፈላችሁ 0.25 ይመጣል፤ ይሄ ግን «መነጽር ካደረጉት ውስጥ ግራኙ ስንት ነው» የሚለው ነው እንጂ የጋራ ዕድሉ አይደለም። ከብዜቱ ጋር ሳይሆን ከግራኝ ጠቅላላ ዕድል ጋር ነው የሚነጻጸረው፣ እሱም 50/200፣ ማለትም 0.25። ገጠመ፣ ነጻ ናቸው። በብዜት መሄድ ከፈለጋችሁ ደግሞ ሁሉንም ለ200 አካፍሉ፦ 0.4 በ0.25 ሲባዛ 0.1፣ 20/200ም 0.1።

ምልክት፦ ሳታሰሉ በግምት መለሳችሁ።

ሁለት ዳይስ ወርውሩ። የመጀመሪያው 3 መሆኑና ድምሩ 7 መሆኑ ይነካካሉ? ድምሩ ውስጥ የመጀመሪያው ስላለበት ብዙ ሰው «አዎ» ይላል። አስሉት፦ 1/6 በ1/6 1/36፣ የጋራውም (3 እና 4) 1/36። ነጻ ናቸው! የሚገርመው ድምሩን ወደ 8 ስትቀይሩት ነገሩ ይገለበጣል፤ የድምሩ ዕድል 5/36 ስለሆነ ብዜቱ 5/216 ይሆናል፣ የጋራው ግን አሁንም 1/36፣ ማለትም 6/216 ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ የመጀመሪያው ምንም ይሁን ምን 7 የሚሞላ ሁለተኛ ቁጥር ሁሌም አንድ አለ፣ መጀመሪያ 1 ከወጣ ግን 8 የሚሞላ የለም። በነገራችን ላይ፣ እዚህ በአስርዮሽ አትሥሩ። 0.023ና 0.028 በጣም ይቀራረባሉና እኩል ሊመስሏችሁ ይችላሉ።

ምልክት፦ ሦስት ኩነቶች ጥንድ ጥንዱን አለፉ፣ ሦስቱ ላይ ወደቁ።

ስሌታችሁ ልክ ሊሆን ይችላል። ሁለት ሳንቲም ስትወረውሩ «የመጀመሪያው ዘውድ»፣ «ሁለተኛው ዘውድ» እና «ሁለቱ አንድ ዓይነት» የሚሉት ጥንድ ጥንዱን ነጻ ናቸው፣ የሦስቱ የጋራ ዕድል ግን በ1/8 ፈንታ 1/4 ነው። ስለዚህ ሦስት ሲሆኑ ሦስቱን ጥንዶች ፈትሹ፣ ከዚያ ሦስቱን አንድ ላይ።