በኮርቤቲ ሥር ያለውን ክብደት በኳንተም መሣሪያ እንዴት መለካት ይቻላል

የሳተላይት ራዳር ምስሎች ከሐዋሳ ሐይቅ በስተሰሜን ያለው የኮርቤቲ እሳተ ገሞራ መሬቱ ከፍ እያለ መምጣቱን አሳይተዋል። ራዳር የሚያየው ግን ገጽታውን ብቻ ስለሆነ፣ ከሥር የሚገፋው ቅልጥ ዓለት ይሁን ወይስ እንፋሎትና ጋዝ አይለይም። ለሐዋሳና ለሻሸመኔ ነዋሪ ይህን መለየት እጅግ ጠቃሚ ነው። ቅልጥ ዓለት ከባድ በመሆኑ በስበት ለውጥ ይታወቃል፤ ለውጡን ደግሞ የአቶም ስበት መለኪያ የተባለው የኳንተም መሣሪያ ሊመዘግበው ይችላል።

በመጀመሪያ ከመኪና ንዝረት የራቀ ጽኑ መቆሚያ በእሳተ ገሞራው ውስጥ፣ ሌላ ማነጻጸሪያ ደግሞ ራቅ ብሎ ይዘጋጃል።

ቀጥሎ አየር በሌለበት ክፍል ውስጥ የሩቢዲየም አቶሞች በሌዘር እጅግ ይቀዘቅዛሉ፤ ከዚያም ተለቀው ይወድቃሉ። በመውደቅ ላይ ሳሉ ሦስት የሌዘር ምቶች ያርፉባቸዋል፦ የመጀመሪያው የእያንዳንዱን አቶም ሞገድ (በኳንተም ሕግ አቶም እንደ ሞገድም ይሠራል) በሁለት መንገድ ይከፍላል፣ ሁለተኛው መንገዶቹን መልሶ ያቀራርባል፣ ሦስተኛው ያገናኛቸዋል። ሞገዶቹ ሲገናኙ የሚታየው ልዩነት የስበቱን መጠን ይሰጣል፤ በምቶቹ መካከል ያለው ጊዜ በእጥፍ ሲረዝም ልዩነቱ አራት እጥፍ ይጎላል። የፊዚክስ ሊቃውንቱ ካሴቪችና ቹ ይህን ዘዴ በ1991 እ.ኤ.አ. በተግባር አሳይተዋል፤ በ2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ መሣሪያው በጣሊያን ኤትና ተራራ ላይ ተተክሏል። በእኔ እምነት ትልቁ ጥቅሙ የሩቢዲየም አቶሞች ሁሉ አንድ ዓይነት መሆናቸው ነው፤ እንደ ሽቦ ጥቅልል (ስፕሪንግ) መለኪያ ስለማይላላ የተለያዩ ዓመታት ንባቦችን በእምነት ማነጻጸር ይቻላል።

ከዚያ በኋላ እርማቱ ይመጣል፤ ብዙ ጥንቃቄ የሚጠይቀውም ይህ ነው። የፀሐይና የጨረቃ ስበት ይቀነሳል። መሣሪያው በ1 ሴንቲሜትር ከፍ ሲል ስበቱ በ3 ማይክሮጋል ያህል ስለሚቀንስ፣ የመሬቱ ከፍታ በጂፒኤስ አብሮ መለካት አለበት። አንድ ማይክሮጋል የምድር ስበት የቢሊዮን አንድ እጅ ያህል ነው። በመሣሪያው ሥር በሰፊው የተዘረጋ የ1 ሜትር ውሃ ስበቱን በ42 ማይክሮጋል ያህል ስለሚጨምር፣ የከርሰ ምድር ውሃ ከፍታ በየወቅቱ መመዝገብ ይኖርበታል። የሐዋሳ ሐይቅም በገጽ የሚወጣ ወንዝ ስለሌለው ከፍታው እንደ ዝናቡ ይለዋወጣል፤ መቆሚያው ለሐይቁ ቅርብ ከሆነ ይህም ይታሰባል።

በመጨረሻ ልኬቱ በየወቅቱ ይደገማል። ከእርማቱ በኋላ ስበቱ ከጨመረ ከሥር ክብደት ተጨምሯል፤ ይህም ቅልጥ ዓለት መግባቱን ይጠቁማል። መሬቱ ከፍ ብሎ ሳለ ስበቱ ካልጨመረ ግን ግፊቱ ከእንፋሎትና ከጋዝ የመምጣቱ ዕድል ይበልጣል።